ከደጅ የቆመ ፓርቲና ጥምር መንግሥት፤ የቱሪንጊያ ታሪክ ከ1924 እስከ 1933

በጀርመን አገር መካከል የሚገኘው የቱሪንጊያ ምድር ለኢትዮጵያ ጥናት ወዳጆች እንግዳ አይደለም። የመካነ ሥላሴው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጀርመን ተሻግረው በመስፍኑ በኤርንስት ቤተ መንግሥት በእንግድነት የተቀመጡት በዚሁ ምድር በጎታ ከተማ ነው። የኤርፉርቱ ተወላጅ ሂዮብ ሉዶልፍ ቀድሞ በሮማ የጀመረውን ትምህርት ከእርሳቸው ጋር የቀጠለውም በዚያው ነው። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው፥ ኢትዮጵያዊው መነኩሴ መምህር፥ ጀርመናዊው ሊቅ ደቀ መዝሙር ሆነው የተገናኙበት ትምህርት ፍሬዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ወዲህ 278 ዓመት ቆይቶ፥ በ1930፥ በዚያው ምድር በዬና ዩኒቨርሲቲ የሰውን ልጅ በዘር እየመደበ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ የሚያደርግ የትምህርት ወንበር ተተከለ። ወንበሩን የተከሉት የዩኒቨርሲቲው መምህራን አልነበሩም፤ እንዲያውም ተቃውመውት ነበር። የተከለው በሕግ የቆመ፥ በምክር ቤት የድምፅ ብልጫ የጸና፥ ከአምስት ፓርቲዎች የተውጣጣ ጥምር መንግሥት ነው። ወንበሩን የፈለገው ፓርቲ ግን ከምክር ቤቱ 53 መቀመጫዎች የያዘው 6ቱን ብቻ ነበር።

ስድስት እንደራሴዎች ይህን ሊያደርጉ የቻሉት እንዴት ነው? የቱሪንጊያ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል። ይኸውም፥ ከደጅ የቆመ ፓርቲ ወደ ሥልጣን የሚገባው በራሱ ብዛት ሳይሆን በውስጥ ባሉት ሰዎች ችግር ነው፤ ከገባም በኋላ ኃይሉ የሚለካው በተረከበው መሥሪያ ቤት ነው የሚል ነው።

፩. ስለ ጥምር መንግሥትና ስለ ደጅ

ጥምር መንግሥት ማለት በምክር ቤት ውስጥ አንድ ፓርቲ ብቻውን ከግማሽ በላይ መቀመጫ ሳያገኝ በቀረ ጊዜ፥ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ፓርቲዎች ሥልጣንን ተካፍለው በስምምነት የሚያቆሙት መንግሥት ነው። ጀርመን በ1919 በቫይማር ከተማ ባወጣችው ሕገ መንግሥት የምክር ቤት መቀመጫ እያንዳንዱ ፓርቲ ባገኘው ድምፅ ልክ እንዲታደል ስለ ተደነገገ፥ ጥምር መንግሥት የዘመኑ ልማድ ሆነ። ለአገሪቱ ምክር ቤት ማለት ለራይኽስታግ በየ60,000 ድምፅ አንድ መቀመጫ ይሰጥ ነበር፤ ታናሹን ፓርቲ ከደጅ የሚመልስ የድምፅ ወሰን ግን አልነበረም። ሥርዓቱ የሕዝቡን አሳብ እንደ መስተዋት ያሳይ ስለ ነበረ በራሱ ክፉ ነው ሊባል አይችልም። ፈተናው የሚመጣው መንግሥት ለማቆም ጥቂት ድምፅ የጎደለ እንደ ሆነ፥ ጉድለቱን ማን ይሙላው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው።

ከደጅ የቆመ ፓርቲ ሲባልም የፓርቲው ትንሽነት ብቻ አይደለም የሚታሰበው። ገዥዎቹ ፓርቲዎች ከሥልጣን ተካፋዮች የማይቈጥሩት፥ ወይም ራሱ ሥርዓቱን አልቀበልም ብሎ በውጭ የቆመ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሁሉ ክፉ ነው ማለትም ስሕተት ይሆናል። የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች ከ1878 እስከ 1890 ድረስ በልዩ ሕግ የታገዱና የሚሳደዱ ነበሩ፤ በ1912 ከራይኽስታግ 397 መቀመጫዎች 110 ይዘው ከሁሉ የበለጠ ቍጥር ቢኖራቸውም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከሥልጣን አላስጠጋቸውም። እነዚሁ ሰዎች ከ1918 በኋላ የሪፑብሊኩ ዋና ምሰሶ ሆኑ፤ ከመካከላቸውም ፍሪድሪኽ ኤበርት በ1919 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። እንግዲህ ከደጅ መቆም በራሱ ነቀፋ አይደለም። ደጅ የሚጠናም ሰው ደጅ የሚጠብቀውን ቤት አያፈርስም። መጠየቅ ያለበት ፓርቲው ሲገባ ቤቱን ለማገልገል ነው ወይስ በሩን ከውስጥ ለመዝጋት የሚለው ነው።

፪. የ1924 ሰባት ድምፆች

የቱሪንጊያ ክፍለ ሀገር የተመሠረተው በ1920 ሰባት ታናናሽ ግዛቶች ተዋሕደው ሲሆን፥ ዋና ከተማው ቫይማር ነበር። በ1923 ሶሻል ዴሞክራቶችና ኮሙኒስቶች በአንድነት መንግሥት ቢያቆሙም፥ የበርሊን መንግሥት ጦር ሠራዊት ስለ ላከባቸው ጥምረቱ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። በፌብሩዋሪ 1924 በተደረገው ምርጫ የመካከለኛውና የቀኙ ወገን ፓርቲዎች የሥርዓት ኅብረት በሚል ስም ተባብረው ከ72 መቀመጫ 35 አገኙ። ሶሻል ዴሞክራቶች 17፥ ኮሙኒስቶች 13 ሲያገኙ፥ የተቀሩትን 7 መቀመጫዎች የወሰደው የዘር ብሔርተኞች አንድነት ነበር፤ በሙኒክ ከተደረገው የ1923 ሁከት በኋላ የታገዱት የሂትለር ተከታዮችም ለምርጫ የቀረቡት በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነበር።

የሥርዓት ኅብረት የድምፅ ብልጫ ለማግኘት የጎደለው ሁለት መቀመጫ ብቻ ነበር። ከ17ቱ ሶሻል ዴሞክራቶች ጋር መነጋገር ይችል ነበር፤ ነገር ግን የመጣበትን የምርጫ ዘመቻ ያካሄደው እነርሱን ለማስወገድ ነበርና ያንን መንገድ አልፈለገም። ስለዚህ ፊቱን ወደ ሰባቱ አዞረ። ሰባቱም ወደ መንግሥቱ ሳይገቡ ድምፃቸውን ሰጡ፤ ዋጋውንም አስከፈሉ። በሚኒስትሮቹ መካከል አይሁዳዊ እንዳይኖር ጠየቁ። በማርች 1924 በሂትለር ፓርቲ ላይ የነበረው እገዳ በቱሪንጊያ ተነሣ። አይሁዳዊ የነበረው የክፍለ ሀገሩ ባንክ ፕሬዚዳንት ከሥራው እንዲወጣ ተደረገ። ዋልተር ግሮፒዩስ በ1919 በቫይማር የመሠረተው ባውሃውስ የተባለው የሥነ ጥበብና የሕንጻ ትምህርት ቤት በጀቱ በግማሽ ስለ ተቀነሰበት በ1925 ወደ ዴሳው ተሰደደ።

በዚያ ወራት ሂትለር በፕሩስያና በባቫሪያ በአደባባይ እንዳይናገር ተከልክሎ ነበር፤ በቱሪንጊያ ግን ክልከላ አልነበረበትም። ፓርቲው በጁላይ 1926 ጠቅላላ ጉባኤውን በቫይማር ያደረገውም ስለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በተጻፈባት ከተማ የሕገ መንግሥቱ ጠላቶች በሰልፍ አለፉ። በዚያን ጊዜ ይህ ለብዙዎች ከቁም ነገር የሚቈጠር አልመሰለም፤ በ1927 በተደረገው የክፍለ ሀገር ምርጫ ፓርቲው ከ56 መቀመጫ ያገኘው 2 ብቻ ነበርና።

፫. የ1930 ስምምነት

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። የቱሪንጊያ ሕዝብ ብዙው የሚኖረው በአነስተኛ እርሻና በእጅ ሥራ ነበር። በዞንበርግ መጫወቻ፥ በላውሻ የብርጭቆ ጌጥ እየሠራ በቤቱ የሚያድረው ባለሙያ ኑሮው የተመሠረተው ሥራውን ወደ ውጭ አገር፥ ይልቁንም ወደ አሜሪካ በመሸጥ ላይ ነበር። የእህል ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው በዕዳ ተያዘ፤ የውጭ ገበያ ሲቀዘቅዝም የእጅ ባለሙያው ሥራ ፈታ። የቀድሞዎቹን ፓርቲዎች ተስፋ የቈረጠ መራጭ ሌላ ፈለገ። ስለዚህ በዲሴምበር 8 ቀን 1929 በተደረገው ምርጫ የሂትለር ፓርቲ ከመቶ 11.3 ድምፅ አግኝቶ ከ53 መቀመጫ 6 ያዘ።

ሶሻል ዴሞክራቶች 18፥ ላንድቡንድ የተባለው የገበሬዎች ማኅበር 9፥ ኮሙኒስቶች 6፥ የኢኮኖሚ ፓርቲ 6፥ የጀርመን ሕዝብ ፓርቲ 5፥ የጀርመን ብሔርተኞች 2፥ የዴሞክራቶች ፓርቲ 1 መቀመጫ ነበራቸው። ይህ ሲደመር፥ ያለ ሶሻል ዴሞክራቶች መንግሥት ማቆም የሚፈልጉት አራት ፓርቲዎች 22 መቀመጫ ብቻ ነበራቸው፤ የሚያስፈልገው ግን 27 ነበር። ስድስቱ ሲጨመሩ 28 ይሆናል። ስሌቱ እንደ 1924ቱ ነበር፤ የተለወጠው ዋጋው ነው። በ1924 ከደጅ ሆኖ ድምፅ መስጠት በቂ ነበር፤ አሁን ግን ፓርቲው በቤቱ ውስጥ ወንበር ጠየቀ።

ሂትለር የጠየቃቸው ሁለት መሥሪያ ቤቶች የአገር ግዛትና የሕዝብ ትምህርት ሚኒስቴሮች ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1930 በጻፈው ደብዳቤ ምክንያቱን ገልጾታል፤ የአገር ግዛትን የያዘ ሹመትንና ሽረትን ፖሊስንም ይይዛል፥ ትምህርትን የያዘም ከታናሹ ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ያዝዛል የሚል ነው። የገንዘብን ወይም የእርሻን ሥራ አልጠየቀም፤ በእነዚያ መሥሪያ ቤቶች የተቀመጠ ሰው በችግሩ ዘመን የሕዝብ ወቀሳ ተሸካሚ ይሆን ነበር። ለዚህ ሥራ ያቀረበው ሰው በ1923 ሁከት ተካፍሎ በ1924 በፍርድ ቤት የተፈረደበት ቪልሄልም ፍሪክ ነው።

የጀርመን ሕዝብ ፓርቲ በመጀመሪያ ይህን ሰው አልቀበልም ብሎ ነበር። ሂትለር ወደ ቫይማር መጥቶ ለኢንዱስትሪ ባለቤቶች ንግግር አደረገ፤ ስምምነት ካልተገኘ አዲስ ምርጫ እንዲደረግ እንደሚያስገድድም አስታወቀ። አዲስ ምርጫ ማለት ለእነዚያ ፓርቲዎች ተጨማሪ መቀመጫ ማጣት ነበር። በጃንዋሪ 23 ቀን 1930 ከላንድቡንድ ወገን የሆነው ኤርቪን ባውም የሚመራው መንግሥት ቆመ፤ ፍሪክም ሁለቱን ሚኒስቴሮች ተረከበ። ከሂትለር ፓርቲ አንድ ሰው በጀርመን ውስጥ ሚኒስትር ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው።

፬. ዐሥራ አራት ወራት

ፍሪክ ሥራውን የጀመረው በሕግ መንገድ ነው። በማርች 29 ቀን 1930 ምክር ቤቱ መንግሥቱ አስተዳደሩን በደንብ እንደ ገና እንዲያደራጅ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ ለሕጉ የተሰጠው ምክንያት ወጪን መቀነስ ነበር። በዚህም ሥልጣን ሪፑብሊኩን የሚደግፉ ሹማምንት ከቦታቸው ሲነሡ፥ የፓርቲው ሰዎች በምትካቸው ገቡ። ፖሊስም በፓርቲው ሰዎች እጅ ይወድቃል ብሎ የሠጋው የበርሊን መንግሥት ለቱሪንጊያ ፖሊስ የሚሰጠውን የገንዘብ እርዳታ እስከ መከልከል ደረሰ።

በትምህርት ረገድ የተደረገው ከዚህ ይከፋ ነበር። በአፕሪል 1930 ስለ ጀርመን ባህል መጠበቅ የወጣው ትእዛዝ በርእሱ የጥቁሮችን ባህል የሚቃወም መሆኑን ይናገር ነበር፤ የጃዝ ሙዚቃንና የመሳሰለውንም አወገዘ። በዚያው ወር ለተማሪዎች በአገር ከሐዲዎች ላይ የሚጸለይ ጸሎት ተሰጠ፤ በላይፕሲግ የተቀመጠው የመንግሥታት ፍርድ ቤት ከጸሎቶቹ ሦስቱን ሕገ መንግሥቱን የሚጻረሩ ናቸው ብሎ ፈረደ። በቫይማር ቤተ መንግሥት ሙዚየም ተሰቅለው ከነበሩት የዘመናዊ ሠዓሊዎች ሥራዎች የክሌና የካንዲንስኪ ያሉበት 70 ያህል ሥራ ተነሣ።

በዬና ዩኒቨርሲቲም የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ወንበር በሚል ስም አዲስ ወንበር ቆመ፤ የተሾመበት ሃንስ ጊንተር ነው። ጊንተር ትምህርቱ የቋንቋ ጥናት ሲሆን በ1922 ስለ ጀርመን ሕዝብ ዘር ባሳተመው መጽሐፍ ታዋቂ የሆነ ሰው ነበር። መምህራኑ ቢቃወሙም ሚኒስትሩ በሥልጣኑ ሾመው። በኖቬምበር 15 ቀን 1930 የመክፈቻ ትምህርቱን ሲሰጥ ሂትለር ራሱ በአዳራሹ ተቀምጦ አዳመጠ። የሰውን ልጅ ባህል የሚመረምረው ጥናት፥ ፓርቲው አስቀድሞ ለወሰነው ፍርድ ምስክር እንዲሆን የተጠራው በዚህ ዓይነት ነው። ከዚያ በፊትም የዘር ትምህርት በአውሮፓ ነበረ፤ በዬና አዲስ የሆነው፥ የአንድ ፓርቲ አሳብ በጥምር መንግሥት ድምፅ ተደግፎ የዩኒቨርሲቲ ማዕርግ ማግኘቱ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የተቀሩት አራት ፓርቲዎች ዝም አላሉም፤ አንዳንድ ጊዜ ያጕረመርሙ ነበር። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ስሌት ይጠብቃቸው ነበር። ስድስቱ ከወጡ መንግሥቱ ይወድቃል፤ መንግሥቱ ከወደቀ ምርጫ ይመጣል፤ ምርጫ ከመጣ የሚጠቀሙት ስድስቱ ናቸው። ስለ አንድ ጸሎት፥ ስለ አንድ ሥዕል፥ ስለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ሲባል መንግሥት ማፍረስ ለማንም የሚገባ አልመሰለም። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ታናሽ ነበርና። ሲደመር ግን ክፍለ ሀገሩን ለወጠው።

በመጨረሻ ስምምነቱን ያፈረሰው የትምህርት ነገር አልነበረም። የፍሪክ ፓርቲ በጋዜጣና በስብሰባ ባልደረባውን የጀርመን ሕዝብ ፓርቲን ራሱን ማዋረድ ስለ ቀጠለ፥ ይህ ፓርቲ በአፕሪል 1 ቀን 1931 ከሶሻል ዴሞክራቶች ጋር ድምፅ ሰጥቶ ፍሪክን ከሥልጣን አወረደው። ፍሪክ ሄደ፤ የጊንተር ወንበር ግን በዬና ቀረ። በጁላይ 31 ቀን 1932 በተደረገው የክፍለ ሀገር ምርጫ የሂትለር ፓርቲ ከ61 መቀመጫ 26 አገኘ፤ በኦገስትም ፍሪትስ ዛውክል የቱሪንጊያ መንግሥት መሪ ሆነ። በ1930 አስገብተውት የነበሩት ፓርቲዎች መራጮቻቸውን ያጡት ለእርሱ ነው።

፭. የቫይማር ትምህርት በበርሊን

በበርሊንም ተመሳሳይ ነገር በሰፊው ተደገመ። ከ1928 ጀምሮ አገሪቱን ያስተዳደረው በሶሻል ዴሞክራቱ በሄርማን ሚውለር የሚመራ የአምስት ፓርቲዎች ጥምር መንግሥት በማርች 27 ቀን 1930 ወደቀ። የወደቀውም ሥራ ላጡ ሰዎች መድን የሚከፈለው መዋጮ ይጨመር አይጨመር በሚል፥ ከመቶ እጅ ግማሽ በማይበልጥ ክርክር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት በምክር ቤት ብልጫ ላይ ሳይሆን በፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ ላይ የተደገፉ ነበሩ። የሂትለር ፓርቲ በ1928 ከነበረው 12 መቀመጫ በሴፕቴምበር 1930 ወደ 107፥ በጁላይ 1932 ወደ 230 ደረሰ።

በሴፕቴምበር 1930 ሂትለር በላይፕሲግ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ቀርቦ ፓርቲው ሥልጣን የሚይዘው በሕግ መንገድ ብቻ መሆኑን ማለ፤ ከያዘ በኋላ ግን መንግሥቱን እንደ አሳቡ እንደሚቀርጸው በዚያው ተናገረ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል እንደሚባለው ነው፤ ነገር ግን ይህኛው እንደሚነክስ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። የሰሙት ሰዎች የያዙት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው፥ ሂትለር ወደ ሥልጣን የገባው ፓርቲው በማደግ ላይ ሳለ አለመሆኑ ነው። በኖቬምበር 1932 ምርጫ 34 መቀመጫ አጥቶ ወደ 196 ወርዶ ነበር። በሩን የከፈቱለት እነ ፍራንትስ ፎን ፓፔን ናቸው፤ የሂትለርን ተከታዮች ብዛት ለራሳቸው ዓላማ መሣሪያ ለማድረግና እርሱን በሚኒስትሮች መካከል ከብበው ለመያዝ ተስፋ አድርገው ነበር። በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 በቆመው መንግሥት ውስጥ ከፓርቲው የተሾሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሂትለር የመንግሥቱ መሪ፥ ፍሪክ የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆኑ፤ ጌሪንግም በሚኒስትርነት ላይ የፕሩስያን የአገር ግዛት ሥራና ፖሊስ ያዘ። በቫይማር የተፈተነው አሠራር በበርሊን ሳይለወጥ ተሠራበት። ባልደረቦቹ የወንበሮቹን ቍጥር ሲቈጥሩ፥ እርሱ ወንበሮቹ የሚያዝዙትን ቈጥሮ ነበር። በማርች 23 ቀን 1933 ራይኽስታግ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን በ444 ድምፅ ለመንግሥቱ አሳልፎ ሰጠ፤ የተቃወሙት 94 ሶሻል ዴሞክራቶች ብቻ ናቸው። በጁላይ 14 ቀንም ከአንዱ በቀር ሌላ ፓርቲ ማቋቋም በሕግ ተከለከለ። ሂትለርን ያስገቡት ፓርቲዎች በዚያን ጊዜ ፈርሰው አልቀው ነበር። ፍሪክና ዛውክል በኑረንበርግ ተፈርዶባቸው በኦክቶበር 1946 በስቅላት ተቀጡ።

፮. በሩን የሚጠብቀው ማነው?

ከጦርነቱ በኋላ በ1949 የምዕራብ ጀርመን ሕገ መንግሥት ያወጡት ሰዎች ይህን ታሪክ እያሰቡ ሠሩ። ምክር ቤት መሪን መሻር የሚችለው በምትኩ ሌላ መሪ የመረጠ እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን ደነገጉ፤ ለማፍረስ ብቻ የተባበሩ ወገኖች መንግሥት እንዳይጥሉ ነው። የምርጫ ሕጉም ከመቶ አምስት ድምፅ ያላገኘ ፓርቲ መቀመጫ እንዳይኖረው ወሰነ። ሥርዓቱን ለማፍረስ የሚነሣ ፓርቲም በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሊታገድ እንዲችል ተደረገ። እነዚህ ሕጎች ግን በሩን ለሁሉ አልዘጉም። አረንጓዴዎቹ የተባሉት ከደጅ የተነሡ ሰዎች በዲሴምበር 1985 በሄሰን ክፍለ ሀገር በጥምር መንግሥት ገብተው የሚኒስትርነት ሥራ ያዙ፤ የሥርዓቱንም ሕግ ጠብቀው አገለገሉ።

ሕግ የማይደርስበት ነገር መኖሩን የገለጠው ግን እንደ ገና የቱሪንጊያ ምክር ቤት ነው። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2020 የሊበራሎቹ ቶማስ ኬመሪኽ በ45 ድምፅ በ44 ላይ የክፍለ ሀገሩ መሪ ሆኖ ሲመረጥ፥ ፓርቲው ከ90 መቀመጫ የነበረው 5 ብቻ ነበር፤ ብልጫውን ያስገኘው ሌሎቹ ፓርቲዎች ሁሉ አብረነው አንሠራም ያሉት አማራጭ ለጀርመን የተባለው ፓርቲ ድምፅ ነው። በአገሪቱ ሁሉ ጩኸት ተነሣ፤ ተመራጩ በሦስተኛው ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ። በሴፕቴምበር 2024 ይኸው ፓርቲ ከ88 መቀመጫ 32 አግኝቶ በቱሪንጊያ አንደኛ ሆነ። ሌሎቹ ያለ እርሱ መንግሥት ለማቆም በዲሴምበር ሦስት ፓርቲዎችን አጣመሩ፤ ከሦስቱ አንዱ በዚያው ዓመት የተመሠረተ አዲስ ፓርቲ ነበር፤ በአንድነትም የነበራቸው ከመቀመጫው ልክ ግማሹ 44 ነው። ዘመኖቹ አንድ አይደሉም፤ ፓርቲዎቹንም አንድ ናቸው ማለት ታሪክን ማጣመም ይሆናል። አንድ ሆኖ የቀጠለው ጥያቄው ነው፤ የጎደለውን ድምፅ ከማን መቀበል ይገባል? ዋጋውስ ምንድር ነው?

የ1930ዎቹ የቱሪንጊያ ሰዎች ዋጋውን አልጠየቁም ማለት አይቻልም። ጠይቀው ሁለት መሥሪያ ቤት ነው ተባሉ፤ ርካሽም መሰላቸው። ግብርንና የእህልን ዋጋ የያዘ ሰው አገሪቱን የያዘ መሰላቸው እንጂ፥ ልጆች ምን እንዲማሩ፥ መምህር ማን እንዲሆን፥ ፖሊስ ማንን እንዲያስር የሚወስነውን ሥልጣን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም። አባ ጎርጎርዮስ በእንግድነት ገብተው መምህር በሆኑበት ምድር፥ የእርሳቸውን ወገን ከሰው በታች የሚያደርግ ትምህርት በመንግሥት ማኅተም የተሾመው፥ 22 ድምፅ የነበራቸው ሰዎች 5 ድምፅ ስለ ጎደላቸው ነው።